የልምምድ ረጅም ሰይፍ

የልምምድ ረጅም ሰይፍ በሁለት እጅ ተይዞ ለታሪካዊ የአውሮፓ የሰይፍ ፍልሚያ ልምምድ የሚያገለግል፣ ስለቱ ያልተሳለ ሰይፍ ነው። ከእንጨት፣ ከናይለን ወይም ከብረት ይሠራል። ዓላማው ከ14ኛው እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፉ መጻሕፍት የተመዘገበውን የፍልሚያ ጥበብ ሁለት ሰዎች ሳይጎዳዱ እንዲለማመዱት ማስቻል ነው። ስለዚህ ጥሩ የልምምድ ሰይፍ ሁለት የሚቃረኑ ነገሮችን ማስታረቅ ይኖርበታል። በእጅ ሲያዝ እንደ እውነተኛው ሰይፍ መሆን አለበት፤ ሰው ላይ ሲያርፍ ግን እንደ እውነተኛው መሆን የለበትም። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት መለኪያዎች ሁሉ ከዚህ ጥያቄ የሚነሡ ናቸው።

በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በጎርጎርዮስ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ናቸው።

ምንነቱና ክፍሎቹ

«ረጅም ሰይፍ» የሚለው ስያሜ ከጀርመንኛው «ላንገስ ሽቬርት» የተወሰደ ነው። በመካከለኛው ዘመን መጨረሻ በአውሮፓ የተስፋፋ፣ ቀጥ ያለ፣ በሁለቱም ጎኑ ስለት ያለውና እጀታው ሁለት እጅ የሚያስይዝ ሰይፍ ነበር። ጠቅላላ ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ ከ110 እስከ 135 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ደግሞ ከ1.1 እስከ 1.8 ኪሎ ግራም ነው። በፊልም እንደሚታየው ሊያነሡት የሚያስቸግር ከባድ ብረት አልነበረም። ሁለት እጅ የሚያስፈልገው ለክብደቱ ሳይሆን ለቁጥጥሩ ነው፦ አንዱ እጅ ከመስቀሉ አጠገብ ሆኖ ሲደግፍ ሌላው የእጀታውን ጫፍ ይገፋል ወይም ይስባል። የእጀታው ጫፍ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲንቀሳቀስ የሰይፉ ጫፍ ብዙ እጥፍ ይጓዛል።

ዋና ዋና ክፍሎቹ እነዚህ ናቸው፦

- ስለት፦ ከመስቀሉ እስከ ጫፉ ያለው የብረት አካል። ከእጅ አጠገብ ያለው ግማሽ «ጠንካራው»፣ ወደ ጫፍ ያለው ግማሽ ደግሞ «ደካማው» ይባላል።
- መስቀል፦ በስለቱና በእጀታው መካከል አግድም የሚቀመጥ፣ እጅን የሚከላከል ብረት።
- እጀታ፦ በእንጨትና በቆዳ የተሸፈነ መያዣ።
- ፖመል፦ በእጀታው ጫፍ ያለ የብረት ጉብታ። እጅ እንዳይንሸራተት ያግዳል፣ የስለቱንም ክብደት ያመጣጥናል።
- ጭራ፦ ከስለቱ ጋር አንድ ሆኖ በእጀታው ውስጥ አልፎ ከፖመሉ ጋር የሚታሰር ብረት። ከውጭ አይታይም፤ የሰይፉ ጥንካሬ ግን በአብዛኛው የሚወሰነው በእርሱ ነው።

ታሪክ

የጀርመን የረጅም ሰይፍ ትምህርት መሠረት ተደርጎ የሚወሰደው በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ዮሐንስ ሊኽተናወር ነው። ትምህርቱን በአጫጭርና ለማያውቃቸው ሰው ግልጽ ባልሆኑ ስንኞች አስተላለፈ፤ በኋላ የመጡ መምህራን እነዚህን ስንኞች እየፈቱ መጻሕፍት ጻፉ። ይህ አሠራር ለቅኔና ለአንድምታ ትምህርት ቅርብ ለሆነ አማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፦ ቃሉ አጭር ነው፣ ትርጓሜው ግን ከመምህር ይገኛል። በኑረምበርግ የሚገኘውና ብዙውን ጊዜ ከ1389 ጋር የሚያያዘው የእጅ ጽሑፍ ከእነዚህ ትርጓሜዎች ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። በጣልያን ደግሞ ፊዮሬ ዴይ ሊቤሪ በ1410 ገደማ በሥዕል የተደገፈ የፍልሚያ መጽሐፍ አዘጋጀ። በስትራስቡርግ ይኖር የነበረው ዮአኪም ማየር በ1570 ያሳተመው መጽሐፍ ከኋለኞቹ ዋነኛው ነው።

የልምምድ ሰይፍም አዲስ ፈጠራ አይደለም። በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን የጀርመን ከተሞች ነዋሪዎች፣ የእጅ ባለሙያዎችና ተማሪዎች በሰይፍ ትምህርት ቤቶች ይለማመዱ ነበር። በ1487 ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ 3ኛ ማርክስብሩደር ለተባለው የተፋላሚዎች ማኅበር ልዩ መብት ሰጠ። በማየር መጽሐፍና በሌሎችም የዘመኑ ሥዕሎች ላይ የሚታዩት የልምምድ ሰይፎች ቀጭን ስለትና ከመስቀሉ ፊት ለፊት ሰፋ ያለ የብረት ትከሻ አላቸው። ይህ ትከሻ በጀርመንኛ «ሺልት» ማለትም ጋሻ ይባላል። ዛሬ ይህ ዓይነት ሰይፍ «ፌደር» ተብሎ ይጠራል፤ በጀርመንኛ ላባ ማለት ነው። ቃሉ ለሰይፉ መጠሪያ የሆነው ግን በዘመናችን ነው።

የጥንቶቹም ስለ ደኅንነት ያስቡ ነበር። በማየር ዘመን በጀርመን ትምህርት ቤቶች በረጅም ሰይፍ መውጋት የተለመደ አልነበረም፤ በጠፍጣፋው ጎን መምታትም ይዘወተር ነበር። ሰይፉም ልማዱም አብረው የተቀረጹ ናቸው ማለት ነው። የዛሬ ተፋላሚዎች ግን ከቀደሙት መጻሕፍት በመነሣት ይወጋሉ። በዚህ ምክንያት የዛሬው ፌደር ጫፍና መተጣጠፍ ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ጥበቡ በ17ኛው ክፍለ ዘመን እየጠፋ ሄዶ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በእንግሊዝ እንደ አልፍሬድ ሃተን ባሉ ሰዎች ለጥቂት ጊዜ ተነቃቃ። የአሁኑ እንቅስቃሴ የተጀመረው በ1990ዎቹ የእጅ ጽሑፎቹ በቅጂ መሰራጨት ሲጀምሩ ነው። በስዊድን ጎተንበርግ ከ2006 ጀምሮ የሚካሄደው «ሶርድፊሽ» ከታወቁት ውድድሮች አንዱ ነው።

ከኢትዮጵያ ሰይፎች ጋር ሲነጻጸር

የኢትዮጵያ ተዋጊ ሰይፎች፣ ማለትም ጎራዴ፣ ሾተልና ቀጥ ያለው ሰይፍ፣ በአንድ እጅ የሚያዙ ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ግራው እጅ ጋሻ ይይዛል። ሾተል እንደ ማጭድ እጅግ የታጠፈ ሲሆን ጫፉ በተቃዋሚው ጋሻ ዙሪያ አልፎ እንዲደርስ ታስቦ የተሠራ ነው። የኢትዮጵያ ተዋጊዎች ሰይፋቸውን በቀኝ ጎናቸው ይታጠቁ እንደነበርም በጉዞ ጸሐፊዎች ተመዝግቧል፤ በግራ የተያዘው ጋሻ ከአፎቱ ጋር አይጋጭም ነበር።

ረጅም ሰይፍ የተነሣው ከዚህ ተቃራኒ በሆነ ሁኔታ ነው። በአውሮፓ የብረት ልብስ እየተሻሻለ ሲሄድ ባላባቱ ጋሻ የመያዝ ፍላጎቱ ቀነሰ፤ ነጻ የሆነው ግራ እጅም ወደ እጀታው መጣ። ጋሻ ስለሌለ መከላከልም ማጥቃትም በአንዱ ሰይፍ ይከናወናል። በትምህርቱ ውስጥ ሰይፍ ከሰይፍ ሲነካካ ያለው ቅጽበት ትልቅ ቦታ የተሰጠው ለዚህ ነው። ተፋላሚው የተቃዋሚውን ኃይል በብረቱ በኩል «ተሰምቶት» ቀጥሎ የሚያደርገውን ይወስናል። የልምምድ ሰይፍ ይህን ስሜት ካላስተላለፈ የትምህርቱ ዋና ክፍል ይጎድላል።

ሁለቱ ታሪኮች የሚገናኙበት ቦታም አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በኢትዮጵያ ከነበሩት ጎራዴዎች ብዙዎቹ ስለታቸው ከአውሮፓ፣ በተለይም ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ በሰይፍ ሥራ ከታወቀችው የጀርመን ከተማ ዞሊንገን የመጣ ነበር። በአንዳንዶቹ ላይ የይሁዳ አንበሳ ምስልና የግዕዝ ፊደል ተቀርጾባቸዋል፤ እጀታቸው ከአውራሪስ ቀንድ፣ አፎታቸው ከቆዳ በአገር ውስጥ ይሠራ ነበር። እነዚህ ቅርሶች ናቸው። ለልምምድ ማጋጨት ቅርሱንም ሰውንም ይጎዳል።

የልምምድ ሰይፍ ዓይነቶች

የእንጨት ሰይፍ ርካሽና በቀላሉ የሚገኝ ነው። ብቻን ለሚደረግ ልምምድና በዝግታ ለሚከናወኑ የጥንድ ልምምዶች ያገለግላል። ሆኖም አይታጠፍም፤ ስለዚህ በመሣሪያው ሰውን መውጋት አደገኛ ነው። ሲሰነጠቅም ስንጥሩ ዓይን ሊጎዳ ይችላል።

የናይለን ወይም የፕላስቲክ ሰይፍ አይዝግም፣ አይሰነጠቅም፣ ዋጋውም ከብረት በጣም ያነሰ ነው። ጉድለቱ ሁለት ነው። ሰይፍ ከሰይፍ ሲጋጭ ከመያያዝ ይልቅ ይነጥራል፣ ስለዚህ በብረት የሚገኘውን ስሜት አይሰጥም። ከብረት ስለሚቀልም ሰዎች «ፕላስቲክ ነው» በሚል በኃይል ይመቱበታል። የናይለን ሰይፍ ያለ ጓንት የተያዘን ጣት ለመስበር በቂ ነው።

የዶለዶመ ብረት ሰይፍ የታሪካዊውን ሰይፍ ቅርጽ ሙሉ በሙሉ ይዞ ስለቱ ብቻ የተወፈረ ነው። ለጥንድ የዝግታ ልምምድና ቴክኒክ ለማጥናት ይመረጣል። አብዛኛውን ጊዜ ግትር ስለሆነ ለነጻ ግጥሚያ አይመከርም።

ፌደር ለነጻ ግጥሚያ የተሠራ የብረት ሰይፍ ነው። ስለቱ ጠባብ፣ ወደ ጫፉ እየሳሳ የሚሄድና የሚታጠፍ፣ ጫፉም የተጠቀለለ ወይም የሰፋ ነው። በአውሮፓ ደህና ፌደር በአብዛኛው ከ200 እስከ 400 ዩሮ ይሸጣል፤ የማጓጓዣና የቀረጥ ወጪ ሳይጨመር ማለት ነው። ረዘም ላለ ጊዜ ለመለማመድ የወሰነ ሰው በመጨረሻ የሚገዛው ይህን ነው።

መለኪያዎች

ርዝመት

በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የጻፈው ጣልያናዊው ፊሊፖ ቫዲ የሰጠው ቀላል ልክ ዛሬም ይሠራል፦ ሰይፉ ጫፉ መሬት ላይ ሲቆም ፖመሉ ብብት ሥር መድረስ አለበት። የሰው ብብት ከቁመቱ ሦስት አራተኛ ገደማ ላይ ስለሚገኝ ስሌቱ እንደሚከተለው ነው።

- ቁመቱ 160 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰው፦ 120 ሴንቲ ሜትር ገደማ
- ቁመቱ 170 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰው፦ 127 ሴንቲ ሜትር ገደማ
- ቁመቱ 180 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰው፦ 135 ሴንቲ ሜትር ገደማ

ይህ መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም። በገበያ ላይ ያሉት ፌደሮች በአብዛኛው ከ125 እስከ 135 ሴንቲ ሜትር ናቸው። አጭር ሰው ረጅም ሰይፍ ቢይዝ ርቀት ያገኛል፤ ነገር ግን ሰይፍ ለሰይፍ ተያይዞ በቅርብ በሚደረገው ፍልሚያ መዞር ያቅተዋል። እጀታው ሁለት እጅ በጓንት ከያዘ በኋላ በመካከላቸው ጥቂት ክፍተት የሚተው ቢሆን ይመረጣል፤ ከ25 እስከ 33 ሴንቲ ሜትር የተለመደ ነው። ሲለካ የሚለብሱትን ጓንት ለብሶ መለካት ያስፈልጋል፤ የፍልሚያ ጓንት ወፍራም ስለሆነ ባዶ እጅ የተመቸው እጀታ በጓንት ሊጠብ ይችላል።

ክብደትና ሚዛን

አብዛኞቹ ፌደሮች ከ1.35 እስከ 1.65 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ። ክብደቱ ብቻውን ግን ብዙ አይናገርም። ከዚያ በላይ ወሳኙ ክብደቱ የት እንዳለ ነው። ሰይፉን በአንድ ጣት ላይ አግድም አስቀምጦ የማይወድቅበትን ቦታ ማግኘት ይቻላል፤ ይህ የሚዛን ነጥብ ይባላል። በፌደር ላይ ከመስቀሉ ፊት ከ5 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር ባለው ቦታ ቢገኝ ጥሩ ነው። ወደ እጅ ሲቀርብ ሰይፉ ፈጣን ይሆናል፤ ሲርቅ ደግሞ ምቱ ይከብዳል፣ ሰይፉንም ማቆም ያስቸግራል።

ምክንያቱ ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ የሚታወቅ ነው። አንድን ነገር ለማዞር የሚያስፈልገው ኃይል ከክብደቱና ከመዞሪያው ባለው ርቀት ካሬ ጋር ያድጋል። 50 ግራም ብረት ከመዞሪያው 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢቀመጥና ያው 50 ግራም 90 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢቀመጥ፣ ሁለተኛው ለመዞር ያለው እምቢታ 81 እጥፍ ነው። ስለዚህ እኩል የሚመዝኑ ሁለት ሰይፎች በእጅ ላይ ፈጽሞ ሊለያዩ ይችላሉ። በሻጭ ገጽ ላይ ክብደቱ ብቻ ተጽፎ የሚዛን ነጥቡ ካልተጻፈ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መተጣጠፍ

ሰው ሲወጋ ስለቱ መታጠፍ አለበት፤ ካልታጠፈ ኃይሉ በሙሉ ወደ ተወጊው አካል ይገባል። የተለመደው ፍተሻ ቀላል ነው። ሰይፉ በቁም ጫፉ በሰው መመዘኛ ሚዛን ላይ ተደርጎ ከላይ በቀስታ ይጫናል፤ ስለቱ መታጠፍ ሲጀምር ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር ይነበባል። ከ8 እስከ 12 ኪሎ ግራም የሚያሳይ ለጓደኛ ምቹ ነው። ከ15 በላይ የሚያሳየው ለነጻ ግጥሚያ ግትር ተደርጎ ይቆጠራል፤ ትክክለኛው ወሰን በየክለቡና በየውድድሩ ይለያያል። ከመጠን በላይ የሚልመጠመጥ ሰይፍም ጥሩ አይደለም። ሲከላከሉበት ይወዛወዛል፣ በመከላከያውም ዙሪያ ታጥፎ ሰውን ሊመታ ይችላል። መታጠፉም ከስለቱ ደካማ ግማሽ መጀመር አለበት፤ መስቀሉ አጠገብ የሚታጠፍ ሰይፍ አሠራሩ የተበላሸ ነው።

ጫፍና የስለት ውፍረት

ጫፉ በጭንብሉ የሽቦ መረብ ቀዳዳ ሊገባ የማይችል መሆን አለበት። ለዚህም ብረቱ ወደ ኋላ ተጠቅልሎ ወይም ሰፍቶ ይሠራል፤ በላዩም የጎማ ወይም የቆዳ ቆብ ይደረግበታል። የስለቱ ጠርዝ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ወፍራምና የተድበለበለ መሆን ይኖርበታል። ቀጭን ጠርዝ ባይሳልም ይቆርጣል፤ ሲጋጭም ቶሎ ይጎደጎዳል።

ብረቱና አሠራሩ

ተስማሚው ስፕሪንግ ብረት ነው፤ ታጥፎ ወደ ቦታው የሚመለስ ማለት ነው። ብረቱ በእሳት ሞቆ በዘይት ከጠነከረ በኋላ እንደገና በመጠኑ ሞቆ ይለዝባል። ያልለዘበ ብረት እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፤ ያልጠነከረ ደግሞ እንደ ሽቦ ታጥፎ ይቀራል። በሮክዌል መለኪያ ከ48 እስከ 52 ያለው ጥንካሬ የተለመደ ነው። ጭራው ከስለቱ ጋር ከአንድ ብረት የወጣ እንጂ በብየዳ የተቀጠለ መሆን የለበትም። ፖመሉ በዳዶ የሚታሰር ከሆነ መፍታትና መጠገን ይቻላል፤ ተቀጥቅጦ የተዘጋ ከሆነ ይበልጥ አይላላም፣ ግን አይፈታም።

መወገድ ያለባቸው

ለግድግዳ ማስጌጫ ተብለው የሚሸጡ ሰይፎች ለልምምድ በፍጹም አያገለግሉም። አብዛኞቹ ከማይዝግ ብረት የተሠሩ ናቸው፤ ይህ ብረት ለወጥ ቤት ቢላ ይስማማል፣ በሜትር ርዝመት ሲወዛወዝ ግን ይሰበራል። ጭራቸውም ብዙ ጊዜ በብየዳ የተያያዘ ቀጭን ብሎን ነው። ሲሰበር የስለቱ አካል ከእጀታው ተነቅሎ ይወረወራል።

የተሰበረ ስለት ምን ሊያደርግ እንደሚችል የስፖርት ፌንሲንግ ታሪክ ያስተምራል። በ1980 የሞስኮ ኦሎምፒክ በፎይል የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘው የሶቭየት ኅብረቱ ቭላዲሚር ስሚርኖቭ በ1982 በሮም በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና የተጋጣሚው ስለት ተሰብሮ ጭንብሉን ወግቶ አለፈ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ሕይወቱ አለፈ። ስለቱ በትክክለኛ ፋብሪካ የተሠራ፣ ውድድሩም በዓለም ደረጃ የሚመራ ነበር። ከዚያ በኋላ የጭንብል፣ የልብስና የስለት መስፈርቶች ጠበቁ። በፎይል የተከሰተው በብዙ እጥፍ ለሚከብድ የሁለት እጅ ሰይፍ ማስጠንቀቂያ ነው።

መከላከያ ልብስ

ገንዘቡ ውስን የሆነ ጀማሪ መጀመሪያ መግዛት ያለበት ሰይፍ ሳይሆን ጭንብል ነው። ክለቦች ብዙ ጊዜ ሰይፍ ያውሳሉ፤ ጭንብልና ጓንት ግን በልክ መሆን አለባቸው። የሚያስፈልጉት በቅደም ተከተል እነዚህ ናቸው፦

- የፌንሲንግ ጭንብል፣ የራስ ቅሉን የኋላ ክፍል ከሚሸፍን ተጨማሪ መከላከያ ጋር። የስፖርት ፌንሲንግ ጭንብል የጭንቅላትን ጀርባ አይሸፍንም።
- የአንገት መከላከያ፣ ጉሮሮን በጠንካራ ነገር የሚሸፍን።
- ለረጅም ሰይፍ የተሠራ ወፍራም ጓንት። በረጅም ሰይፍ ፍልሚያ በብዛት የሚጎዳው ጣት ነው።
- የተደፈነ ጃኬት። መብሳትን የመቋቋም አቅሙ በኒውተን ይገለጻል፤ 350 እና 800 የተለመዱ ደረጃዎች ናቸው።
- የክርን፣ የክንድ፣ የጉልበትና የብልት መከላከያ።

የናይለን ሰይፍ ይዞ ሙሉ መከላከያ የለበሰ ሰው፣ ምርጥ ፌደር ይዞ ጭንብል ከሌለው ሰው በተሻለ ሁኔታ መለማመድ ይችላል።

በኢትዮጵያ ለሚለማመድ

ወይራ በአገራችን ለዱላ የሚመረጥ ጠንካራና ከባድ እንጨት ነው። 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የወይራ በትር ከ0.8 እስከ 1 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ለብቻ ልምምድ፣ ለእግር አረማመድና ለአቋም ጥሩ መነሻ ነው። ነገር ግን የዱላ ሚዛን መሐሉ ላይ ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ላይ ሚዛኑን የሚጠብቅ በትር ከጫፉ 25 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ቢያዝ የሚዛን ነጥቡ ከፊተኛው እጅ 35 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። በሰይፍ ግን ይህ ርቀት ከ10 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ በትር ከፌደር ቢቀልም ለማዞር ሊከብድ ይችላል። በበትር ብቻ የለመደ ሰው ሰይፍ ሲይዝ እጁ አብዝቶ ይገፋል። ከሚያዝበት በኩል ወፍሮ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ በትር ይህን ጉድለት ይቀንሳል። ወይራ የማይታጠፍ በመሆኑ በሰው ላይ መውጊያ ሊሆን አይገባም።

ብዙ ሰው የሚያነሣው ጥያቄ ከመኪና ባሌስትራ ሰይፍ ማሠራት ይቻላል ወይ የሚል ነው። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ጋራዦችም ሆነ በመርካቶ ምናለሽ ተራ ያገለገለ ባሌስትራ ማግኘት አያስቸግርም፤ ብረቱም በእርግጥ ስፕሪንግ ብረት ነው። ችግሩ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ለዓመታት ጭነት የተሸከመ ባሌስትራ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። ሁለተኛ፣ በእሳት ሲቀጠቀጥ የፋብሪካው ማጠንከርና ማለዘብ ይጠፋል፤ በሜትር ርዝመት ላይ እኩል ሙቀት ሰጥቶ መመለስ የሙቀት መቆጣጠሪያ ያለው ምድጃ ይጠይቃል። ሦስተኛ፣ ስህተቱ የሚታወቀው ሰይፉ ሲሰበር ነው። ባሌስትራ ለማጭድና ለመጥረቢያ የሚበቃ ብረት ነው፤ ከሰው ፊት ለፊት ለሚወዛወዝ ፌደር ግን ምድጃና የጥንካሬ መለኪያ የሌለው አሠራር አይበቃም።

ከውጭ ለማስመጣት የሚያስብ ሰው ከማዘዙ በፊት ስለ ፈቃድና ቀረጥ የጉምሩክ ኮሚሽንን መጠየቅ ይኖርበታል። በአውሮፕላን የሚመጣ ሰው ቢያመጣውም በእጅ ሻንጣ አይፈቀድም፤ በሚጫን ሻንጣ ብቻ ይገባል። ሰይፍ በጥንድ ቢገዛ ይመረጣል። አንዱ ፌደር ሌላው ናይለን ከሆነ ብረቱ ናይለኑን ይቆርጠዋል፣ ናይለን የያዘውም ሰው እኩል አይጫወትም። ሁለት ናይለን ሰይፍና ሁለት ጭንብል ለሁለት ጓደኛሞች ከአንድ ምርጥ ፌደር የበለጠ ጥቅም አላቸው።

ቦታም መታሰብ አለበት። ቁመቱ 170 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው እጁን ዘርግቶ ሰይፍ ወደ ላይ ሲያነሣ ጫፉ ከሦስት ሜትር በላይ ይደርሳል። የኮንዶሚኒየም ክፍል ጣሪያና አምፖል ለዚህ አይበቃም፤ ግቢ፣ ሜዳ ወይም የስፖርት አዳራሽ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ጭንብልና ወፍራም ጃኬት የለበሰ ሰው ቶሎ ትንፋሽ ያጥረዋል። በመንገድና በታክሲ ላይ ሰይፍ በቦርሳ ተሸፍኖ መሄድ አለበት፤ የዶለዶመ መሆኑን ከሩቅ የሚያየው ሰው አያውቅም።

ምርመራና እንክብካቤ

ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት ስለቱ በጨርቅ ከእጀታ ወደ ጫፍ ይጠረጋል። ጨርቁ የያዘበት ቦታ ላይ ሸካራ ጉድጓድ አለ ማለት ነው። ሹል ሸካራዎች በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳሉ፤ ካልተለሰለሱ ጃኬትና ጓንት ይቀዳሉ፣ ጥልቅ ጉድጓድም የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። በስለቱ ላይ አግድም የሚሄድ ስንጥቅ ከታየ ሰይፉ ቢጠገን እንኳ ለግጥሚያ አይመለስም፤ ወዲያውኑ ከሥራ ውጭ ይደረጋል።

ትንሽ የታጠፈ ስለት በእጅ ቀስ ተብሎ ይቃናል። እዚያው ቦታ ላይ ደጋግሞ የሚታጠፍ ከሆነ ግን ብረቱ ደክሟል። መስቀሉ ከተወዛወዘ ወይም ፖመሉ ከላላ ዳዶው ይጠብቃል። የጫፉ ቆብ ከተበሳ ይለወጣል።

ፌደር የሚሠራበት ስፕሪንግ ብረት ይዝጋል። በእጅ ላብ ያለው ጨው ከአንድ ሌሊት በኋላ ምልክት ይተዋል። ከልምምድ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ ስስ የስፌት መኪና ዘይት መቀባት ይበቃል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የዝናብ ወቅት በቆዳ አፎት ወይም በእርጥብ ቦርሳ ውስጥ መተው አይገባም፤ ቆዳ እርጥበት ይዞ ብረቱን ያዝገዋል። ቀላል ዝገት በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀትና በዘይት ይወጣል። የእንጨት ሰይፍ በበኩሉ ከመጠን በላይ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ አልፎ አልፎ ዘይት ይቀባል፤ ከፀሐይም ይርቃል። የናይለን ሰይፍ ለረጅም ጊዜ ፀሐይ ላይ ከተተወ ይደርቃል፤ ጠርዙ ላይ የወጣው ሸካራ በሞረድ ይስተካከላል።